ፍሪሜሶን ምንድን ነው?

ባልንጀራዬን በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ገና ሳይነሣ፣ የቅሬያችን (የእድራችን) አባት ሐጂ ወደ ጎን ወሰዱኝና «ልጄ፣ ያ ወዳጅህ ፍሪሜሶን ነበር የሚሉት እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከሻንጣው ውስጥ ከበግ ቆዳ የተሠራ ነጭ ሽርጥ ተገኝቶ ወሬው በደሴ ከተማ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ተዳርሶ ነበር። «አዎ ሐጂ፣ እውነት ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ ምንድን ነው?» አሉኝ። ለቀስተኛ እየገባ ስለነበር ያን ዕለት የመለስሁላቸው በጥቂት ቃል ነው። ጥያቄው ግን የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ነጻ ግንበኛ» ማለት ይሆናል። በመካከለኛው ዘመን በብሪታንያ ታላላቅ ቤተ ክርስቲያኖችን የሚያንጹ ድንጋይ ጠራቢዎች በሥራው ቦታ አጠገብ ዳስ ይቀልሱ ነበር። መሣሪያቸውን የሚያኖሩትም፣ የሚያርፉትም፣ ስለ ሙያቸው የሚመክሩትም እዚያ ነው። ዳሱ «ሎጅ» ይባላል፤ ዛሬም የማኅበሩ መሰብሰቢያ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። እያደር መዶሻ ጨብጠው የማያውቁ መኳንንት፣ ሐኪሞችና ነጋዴዎች ገቡበት። በተለምዶ እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1717 (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በለንደን አራት ሎጆች ተባብረው የመጀመሪያውን ታላቅ ሎጅ አቋቋሙ፤ በ1723 ደግሞ የማኅበሩ ደንብ ታተመ። የግንበኛው መሣሪያ ሳይለወጥ ትርጉሙ ተለወጠ። ስኳድራው (የማዕዘን መለኪያው) የቀና ምግባር፣ ኮምፓሱ (ክብ መሳያው) ምኞትን በልክ የመያዝ፣ ውሃ ልኩ የሰው ልጆች እኩልነት፣ ቱንቢው ቀጥ ብሎ የመኖር ምልክት ሆነ። ሽርጡም ግንበኛ ልብሱ እንዳይቆሽሽ ከወገቡ የሚያስረው ነው።

ባልንጀራዬን ወደዚህ ማኅበር የሳበው ቱንቢው ይመስለኛል። አባቱ እዚሁ ደሴ ግንበኛ ነበሩ። ልጆች ሳለን ከወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ስንመለስ ሥራቸው ዘንድ እንቆማለን፤ የቱንቢውን ክር ያስይዙንና ከጫፉ የተንጠለጠለው ብረት መወዛወዙን እስኪያቆም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። «ቱንቢ አያዳላም» ይሉን ነበር። እሱ በሱዳን በኩል አሜሪካ ገብቶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው ስለ ሎጁ ሲያጫውተው መጀመሪያ የጠየቀው «ቱንቢ አላችሁ?» ብሎ እንደሆነ ነግሮኛል።

አባል የሚሆን ሰው ሦስት ደረጃ ያልፋል፤ ተለማማጅ፣ ከዚያ ባልደረባ፣ ከዚያ ሊቅ ግንበኛ። ሦስተኛው ደረጃ በአንድ ትውፊት ላይ የቆመ ነው። የንጉሥ ሰሎሞንን ቤተ መቅደስ ያነጸው ሊቅ ኪራም የሙያውን ምሥጢር አላወጣም በማለቱ ተገደለ፤ የተቀበረበትም ቦታ የታወቀው በላዩ በተተከለ የግራር ቅርንጫፍ ነው ይላሉ። ግራር ለእነሱ የነፍስ አለመሞት ምልክት የሆነው ከዚህ ተነሥቶ ነው። በአሜሪካ አንድ አባል ሲሞት ወንድሞቹ ሽርጥና ነጭ ጓንት አድርገው ይመጣሉ፤ የሟቹን ሽርጥ ከሣጥኑ ላይ ያኖራሉ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው ግራር ወይም ሌላ ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ ቅርንጫፍ ይጥሉለታል።

ሐጂ «ሃይማኖት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ማኅበሩ ሃይማኖት አይደለሁም ይላል። የእንግሊዙን ሥርዓት የሚከተሉት ሎጆች በፈጣሪ የማያምን ሰው አይቀበሉም፤ የፈረንሳዩ ታላቅ ማኅበር በ1877 ይህን ግዴታ ከደንቡ ሲያወጣ ከእንግሊዞቹ ጋር ተቆራርጠዋል። በስብሰባ ቅዱስ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ እንደ አባላቱ እምነት መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም ሊሆን ይችላል። በሎጁ ውስጥ ግን ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ መከራከር ክልክል ነው። ስለ አልጄሪያው ኤሚር አብዱልቃድር ስነግራቸው ሐጂ ቀና አሉ። ኤሚሩ በ1860 በደማስቆ ክርስቲያኖች ሲታረዱ ብዙ ሺህ ነፍስ ያዳኑ ሰው ናቸው፤ በ1864 በእስክንድርያ የፍሪሜሶን አባል ሆነዋል።

«እንግዲያው ቅሬ ነዋ!» አሉኝ። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ በእኛ በወሎ ግን መስጊድ የሚሄደውና ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በአንድ መዝገብ የሚጻፉበት ነው። ባልንጀራዬ ሲሞት መቃብሩን ከቆፈሩት፣ ቃሬዛውን ተቀባብለው ከተሸከሙት ግማሾቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ እንባዬ ይመጣል። ሐጂ የተናገሩት ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው። ሎጅም የሟች ወንድምን ሚስትና ልጆች መርዳት ግዴታው ነው።

ግን ልዩነቱን መሸሸግ አልፈልግም። ቅሬ በራፉ ክፍት ነው፤ ጎረቤት መሆን ይበቃል። ሎጅ የሚገባው ጠይቆ፣ ተመርምሮ፣ በምሥጢር ድምፅ ተሰጥቶበት ነው፤ በብዙ ቦታ ድምፁ የሚሰጠው በነጭና በጥቁር ጠጠር ሲሆን አንዲት ጥቁር ብቻ ልታስቀር ትችላለች። ነባሮቹ ሎጆች ሴት አይቀበሉም። መተዋወቂያ አጨባበጥና ቃል አላቸው፤ ያንን ለማንም አይነግሩም። እኔም ለአርባ ዓመት ወዳጁ አልነገረኝም፤ ይህ ለረጅም ጊዜ ቅር ብሎኝ ቆይቷል። ወሬውን ያበዛባቸው ይህ መደበቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

እሱ የነበረበት ሎጅ የጥቁሮቹ ነው፤ ታሪኩን ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። በ1775 በቦስተን ፕሪንስ ሆል የሚባል ነጻ ጥቁርና 14 ባልንጀሮቹ ከአንድ የአየርላንድ ወታደሮች ሎጅ ማዕረግ ተቀበሉ። የአገሩ ነጮች እንደ እኩያ ስላልተቀበሏቸው ፈቃዱን የጠየቁት ከእንግሊዝ ሲሆን በ1784 ተሰጣቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ቱርጉድ ማርሻል አባል የነበሩት በዚሁ በፕሪንስ ሆል ስም በሚጠራው ማኅበር ነው።

ሐጂ ስለ «ኢሉሚናቲ»ም ጠይቀውኛል። ያ በ1776 በባቫርያ አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል መምህር ያቋቋመው ሌላ ማኅበር ነው፤ አንዳንድ ፍሪሜሶኖች ገብተውበት ነበር፤ ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በመንግሥት ታግዶ ፈረሰ። የሃይማኖት አባቶች ተቃውሞ ግን ወሬ አይደለም። የሮማው ጳጳስ ቀሌምንጦስ 12ኛ በ1738 ካቶሊኮችን ከልክለዋል፤ በመካ የተሰበሰቡ የእስልምና ሊቃውንትም በ1978 አውግዘውታል። ባልንጀራዬ ይህን ያውቅ ነበር፤ አልቀለደበትምም። ሙሶሊኒም እ.ኤ.አ. በ1925 ማኅበሩን በኢጣልያ አገደ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ አውሮፕላኖቹ ደሴን ደበደቡ። የባልንጀራዬ አባት ያንን ቀን አይተዋል፤ የፈረሰውን መልሰው ከገነቡት አንዱም ናቸው።

ባልንጀራዬ አገሩ ተመልሶ በታመመ ጊዜ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወንድሞቼ እዚህ የሉም፤ አንዲት የግራር ቅርንጫፍ አንተ አኑርልኝ» አለኝ። ደሴ ደጋ ናት፤ ግራር እንደ ልብ የሚገኘው ዝቅ ሲሉ ነው። አርባው ሲደርስ በማለዳ ሚኒባስ ይዤ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ፤ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ቅጠሏ የለመለመ አንዲት ቅርንጫፍ ቆረጥሁ። ሐጂ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እሾሁ መዳፌን ወግቶት ሲደማ አዩ። መሐረባቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቅርንጫፏን ከታች በኩል ጠቀለሉና «አምጣ፣ እኔ ልያዘው» አሉኝ፤ እስከ መቃብሩም ይዘውልኝ ሄዱ።