ጣና በማለዳ፦ ጉማሬና የውኃ ወፎችን ለማየት ከባሕር ዳር የሚደረግ የጀልባ ጉብኝት

ከባሕር ዳር ወደብ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ዓባይ ከጣና ወደሚወጣበት ሥፍራ የሚደረገው የጀልባ ጉዞ፣ የዱር እንስሳትን በመኖሪያቸው ማየት ለሚፈልግ እንግዳም ሆነ የከተማዋ ነዋሪ ቅርቡ መንገድ ነው። ደርሶ መልሱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ማለዳ የወጣ ሰው ለቁርስ ይመለሳል። አንበሳና ዝሆን እዚህ አይጠበቅም። የሚታየው ጉማሬ፣ አልፎ አልፎ በድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ አርጃኖ፣ እጅግ ብዙ ዓይነት የውኃ ወፍ፣ እንዲሁም ከእነዚህ ሁሉ ጋር ውኃውን ተጋርቶ በደንገል ታንኳ የሚሠራው ዓሣ አጥማጅ ነው።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ የተነሣ ዳርቻው ለደንገል፣ ለፊላና ለወፎች የተመቸ ሆኗል፤ ደግሞም ትንሽ ነፋስ ሲነሣ ውኃው ፈጥኖ ይናወጣል። የጉብኝቱ ሰዓትም ሆነ ጥንቃቄው የሚመነጨው በአብዛኛው ከዚህ ነው። ዩኔስኮ አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው በሚጠበቁበት ሥፍራነት፣ መዝግቦታል።

ሰዓቱ ለምን እንዲህ ይጠብቃል?

ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሌሊት የሚሰማራ እንስሳ ነው። ከመሸ በኋላ ወጥቶ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይግጣል፤ ሊነጋጋ ሲል ወደ ውኃው ይመለሳል። ቆዳው ወፍራም ቢሆንም የላይኛው ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ከቆዳው የሚወጣው ቀላ ያለ ቅባት መሰል ፈሳሽ ለዚሁ መከላከያ ነው። እንስሳው የቆሰለ መስሎት የሚደነግጥ ጎብኚ ስለማይጠፋ አስጎብኚው አስቀድሞ ቢናገር ይበጃል።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው የመጀመሪያ አንድ ሰዓት ተኩል መንጋው ገና አልተረጋጋም፤ ቦታ ይሻማል፣ አፉን ይከፍታል፣ ያጓራል፣ ግልገሎችም ከእናታቸው ጀርባ ላይ ይወጣሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ያው መንጋ ያንቀላፋል። ከውኃው በላይ የሚቀረው ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ብቻ ስለሚሆን ብዙ ገንዘብ ከፍሎ አርፍዶ የደረሰ ሰው ያየው ጉማሬ ይሁን ድንጋይ ሳይለይ ይመለሳል።

ነፋሱም አለ። በደረቁ ወራት ሐይቁ ማለዳ ላይ እንደ መስተዋት የረጋ ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ይነፍሳል፣ ከሰዓት በኋላ ሞገዱ ትንንሽ ጀልባ ያንገላታል። ሞገድ ባለበት ውኃ የጉማሬን ጆሮ ከሞገዱ ጫፍ መለየት ለለመደ ዓይን እንኳ ይቸግራል።

በባሕር ዳር ፀሐይ በግንቦትና በሰኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ10 አካባቢ፣ በጥር ደግሞ 12 ሰዓት ከ50 አካባቢ ትወጣለች። ጀልባው ከዚያ ሩብ ሰዓት ቀድሞ ከወደብ ቢለቅ ሁሉም ይደርሳል። ብዙ ጊዜ ሰዓቱን የሚበላው ጉዞው አይደለም፤ ጠዋት ቤንዚን ፍለጋ፣ የዋጋ ክርክር፣ ያልመጣን ሰው መጠበቅ ነው።

በዋዜማው የሚያልቁ ነገሮች

ስለዚህ ስምምነቱ ማታውኑ ይለቅ። ዋጋው በአብዛኛው የሚነገረው ለጀልባው እንጂ ለነፍስ ወከፍ አይደለም፤ ግን “ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው?” ብሎ በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነዳጁ፣ የአስጎብኚው ክፍያና የሰዓቱ ርዝመት ዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባታቸው ይለይ። በጉዞው ገዳም ለመጎብኘት ከታሰበ የመግቢያ ክፍያው ለየብቻ ነው።

አስጎብኚውና ጀልባ ነጂው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ያስረዳል፤ ርቀቱን፣ ፍጥነቱንና የሚቆምበትን ቦታ የሚወስነው ግን ነጂው ነው። ጎብኚዎች አስጎብኚውን መርጠው ነጂውን ሳይጠይቁ ይሄዳሉ፤ ሞተሩን የያዘው ሰው ግን ከታሪክ አዋቂው የበለጠ የጉዞውን ዕጣ ይወስናል። ውኃውን ለዓመታት የሠራበት መሆኑን ማጣራት ተገቢ ነው።

ከመሳፈር በፊት የሚታየው ጥቂት ነው፦ የሕይወት አድን ጃኬት በሰው ልክ መኖሩ፣ መታጠቂያው የሚሠራ መሆኑ፣ ለልጅ የሚሆን ትንሹ መገኘቱ፣ ትርፍ ነዳጅ፣ መቅዘፊያና ባትሪው የተሞላ ስልክ። ጃኬቱ ወንበር ሥር ተጠቅልሎ መቀመጡ አይበቃም፤ ገና ከወደብ ሳይለቁ ይለበስ። ውኃ ውስጥ ከወደቁ በኋላ ጃኬት መልበስ ዋና ለሚችል ሰው እንኳ ከባድ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የማለዳው ብርድ ከጀልባው ንፋስ ጋር አጥንት ይሰብራል፤ ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን ፀሐይዋ ትበረታለችና ባርኔጣም አይረሳ። ጀልባው ላይ መጸዳጃ የለም። ባይኖኩላር ያለው ይያዝ፤ አንዱን ተራ በተራ መጠቀም ይቻላል። የወባ ትንኝ እስከ ንጋት ስለሚናከስ ረጅም እጅጌ ይመረጣል። ዳርቻው በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው ቢልሃርዚያ ስላለበት በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት አይገባም፤ ለፎቶ ብሎ አንድ ደቂቃ መቆምም ቢሆን ያው ነው።

በውኃው ላይ

ሲሳፈሩ አንድ በአንድ፣ የጀልባውን መሐል ረግጦ ነው። ሰው በሁለቱም ጎን ተመጣጥኖ ይቀመጣል፤ አንድ እንስሳ በታየ ቁጥር ሁሉም ወደዚያ ጎን መነሣቱ ጀልባ ከሚያናውጡት ነገሮች ዋናው ነው።

ጀልባው ወደ ምሥራቅ ሲያቀና መጀመሪያ የሚገናኙት ታንኳዎች ናቸው። ዓሣ አጥማጁ ማታ የጣለውን መረብ ማለዳ ይሰበስባል፤ የሚወጣለት ቀረሶ፣ አምባዛ ወይም በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች ያሉበት ነጭ ዓሣ ነው። ታንኳው የደረቀ ደንገል በነዶ በነዶ ታስሮ የሚሠራ ነው፤ ጎኑ ከፍ ብሎ አይታጠርም፣ ቀዛፊው ከውኃው ወለል ብዙም ሳይርቅ ይቀመጣል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ዕድሜው ጥቂት ወራት ነው። የሞተር ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ የሚተወው ሞገድ ታንኳውን ያንገላታል፣ የተጫነውን ዓሣ ያፈሳል። በአቅራቢያው ፍጥነት መቀነስ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ነጂው ካልቀነሰ ተሳፋሪው መናገር አለበት። ፎቶ ማንሣትም ከተፈለገ አስቀድሞ “እንደምን አደሩ፣ ይፈቀድልናል?” ማለት ነው፤ ሰውየው ሥራ ላይ ነው።

ከደብረ ማርያም ደሴት አካባቢ ጀምሮ ሞተሩ ይቀዘቅዛል። ዓባይ የሚወጣበት ሥፍራ እዚህ ነው፤ የጉማሬ ፍለጋውም እዚህ ይጀምራል። አዲስ ሰው ትልቅ አካል ይፈልጋል፤ የለመደ ሰው ግን ትንንሽ ምልክት ያነባል። ውኃ ላይ በመስመር የሚወጣ አረፋ፣ ድንገት የሚረጭ ትንፋሽ፣ ሁለቴ ሦስቴ የሚርገበገብ ጆሮ፣ በዳርቻው ደንገል መካከል ትኩስ ጭቃ ያለበት የተረገጠ መንገድ። ጉማሬ እንደ ዓሣ አይዋኝም፤ ወለሉን እየረገጠ ይሄዳል። ትልቁ ጉማሬ እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ሰምጦ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከሰመጠ በኋላ ሞተሩን አቀዝቅዞ ባሉበት መጠበቅ እንጂ ወደ ሰመጠበት መጠጋት አይገባም። የት እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም።

ጉብኝት የሚበላሸውም፣ አደጋ የሚመጣውም በዚህ ቦታ ላይ ነው። ጉማሬ ሣር በል መሆኑ ብዙ ሰው ያዘናጋል። አንድ ሺህ ኪሎ ግራምን በቀላሉ የሚያልፍ፣ በየብስ ላይ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ፣ ክልሉን በጥርሱ የሚያስከብር እንስሳ ነው። አፉን በሰፊው መክፈቱ ማዛጋት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጎብኚው “እንዴት ያምራል!” እያለ ፎቶ ሲያነሣ ነጂው መራቅ ያለበት ሰዓት ነው። ራሱን ከወዘወዘ ወይም ውኃው በጀልባው አቅጣጫ በጉብታ ከገሰገሰ ጊዜ የለም።

ጥሩ ነጂ ከመንጋው ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ ይቆማል። በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከል፣ ወይም በእናትና በግልገል መካከል አይገባም። ሞተሩን በዝግታ እያሠራ ይጠብቃል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋም፤ ነፋስ ጀልባውን ወደ መንጋው ሊገፋው፣ የጠፋ ሞተርም በሁለተኛው ሙከራ ሊነሣ ሊያስቸግር ይችላል። ጉማሬው ብቅ እንዲል ድንጋይ የሚወረውር ወይም በዙሪያው የሚሽከረከር ነጂ ካጋጠመ “ወንድሜ፣ በቃ፤ እዚሁ ሆነን እናያለን” ማለት ነው። ጉርሻ እንደሚያገኝ ስለሚያስብ ነው የሚያደርገው፤ ተሳፋሪው እንደማይፈልግ ሲያውቅ ይተዋል።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር፦ ከወደብ ወደ ዓባይ መውጫ ሲኬድ ፀሐይ ፊት ለፊት ናት። ጥሩ ምስል የሚገኘው ጀልባው በሩቁ ዞሮ በምሥራቅ በኩል ሲቆም ነው፤ ይህን ለነጂው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በስልክ የሚነሣ ጉማሬ በአብዛኛው ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ለዚያ ሲባል መጠጋት ከላይ የተባለውን ሁሉ ያፈርሳል።

ወፎቹ

ጉማሬው ባይገኝ እንኳ ጉዞው ባዶ አይሆንም። ነጩ ፔሊካን ዓሣ በሚበለትባቸው የዳርቻ ቦታዎች ተረፈ ዓሣ እየጠበቀ ይሰበሰባል፤ ከባድ ስለሆነ ማለዳ ውኃ ላይ ይቆያል፣ አየሩ ሲሞቅ ግን በትኩሱ አየር ላይ ተንሳፍፎ ከፍ ይላል። ዓሣ አዳኙ ንስር ራሱና ደረቱ ነጭ ስለሆነ በዋርካ ወይም በሾላ አናት ላይ ከሩቅ ይለያል። ጎሕ ሲቀድ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚያሰማው ጩኸት በሞተር ድምፅ ይዋጣልና አንድ ሁለት ጊዜ ከጉማሬ በራቀ ቦታ ሞተሩን አስጠፍቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ጥቁርና ነጩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአንድ ቦታ ላይ አየር ውስጥ እየተርገበገበ ቆሞ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ሰማያዊው ትንሹ ዘመዱ ደግሞ ደንገሉ ውስጥ ስለሚደበቅ ቀስ ብሎ ካላለፉ አይታይም። ጠልቆ ዓሣ የሚይዘው ወፍ ኮርሞራንት ክንፉን ዘርግቶ የሚቆመው ላባው ውኃ ስለሚያስገባ ለማድረቅ ነው። ረጅም ጣቶቹን ዘርግቶ በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የሚራመደው ጃካና፣ ከጭራሮ ትልቅ ጎጆ የሚሠራው ሐመርኮፕ፣ የግብፅ ዝይ፣ ልዩ ልዩ ሽመላና ዳክዬም አሉ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የአውሮፓ ክረምት የሚያባርራቸው ስደተኞች ይጨመራሉ። ክሬን ለተባሉት ረጃጅም እግር ላላቸው ትልልቅ ወፎች ብሎ የመጣ ሰው ግን ይህ ጀልባ አያዋጣውም፤ እነሱ በሐይቁ ምሥራቅ በፎገራ ሜዳ፣ በሸሸርና በዋላላ ረግረጎች ነው የሚከማቹ።

የጫካ ወፍና ጦጣ የሚፈልግ በሰሜን ምዕራብ ወዳለው ዘጌ ይሂድ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የቡና ጫካውና እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ገዳማት ግማሽ ቀን ይፈልጋሉ። ሁለቱን በአንድ ማለዳ ማጣመር ከተፈለገ መጀመሪያ ጉማሬው፣ ቀጥሎ ዘጌ። በተቃራኒው ከሆነ ጉማሬው ተኝቶ ይጠብቃል፣ የመልስ ጉዞውም ነፋስ ላይ ይወድቃል። በመንገድ ያለው ክብራን ገብርኤል ወንዶችን ብቻ እንደሚያስገባም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወቅትና የውኃው ሁኔታ

የሐይቁ ውኃ ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ይላል፤ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ይወርዳል። ውኃው ሲሞላ ጉማሬው በተጥለቀለቀው ሜዳ ይበታተናል፣ ሲጎድል ጥልቅ በሆኑት የወንዙ ክፍሎች ይሰበሰባል። ለጉማሬ ከጥር እስከ ግንቦት፣ ለወፍ ከኅዳር እስከ የካቲት ይመረጣል። ጥር ሁለቱንም ያገናኛል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ቢበረታም ድንገተኛ ማዕበል ስለሚኖር፣ ደመናው ከጠቆረ ነጂው “እንመለስ” ሲል መከራከር አይገባም።

የውኃውን መጠን ተፈጥሮ ብቻ አይወስነውም። በዓባይ መውጫ ላይ እ.ኤ.አ. በ1996 የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ የሚወጣውን ውኃ ይመጥናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ድርቅና ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ተደምረው ሐይቁ እጅግ ወርዶ፣ የጀልባ ትራንስፖርት ተስተጓጉሎ ነበር። ውኃ የሸሸበት ዳርቻ ወዲያው ይታረሳል፤ የታረሰው ደግሞ ደንገል የነበረበት ነው። ደንገል ሲጠፋ ለወፉ መራቢያ፣ ለዓሣው መደበቂያ፣ ታንኳ በመሥራት ለሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎችም ጥሬ ዕቃ ይጠፋል። ጉማሬው በበኩሉ ግጦሹ ሲታረስ ሰብል ውስጥ ይገባል፤ ገበሬው ሌሊቱን ሲጠብቅ ያድራል፣ ጉዳቱም በሁለቱም ላይ ይደርሳል። ይህን የማያነሣ አስጎብኚ ሥራውን ግማሽ ነው የሠራው።

እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ ይበልጥ የጎዳው የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ነው። ተንሳፋፊ ቁራጭ ግን በነፋስ የትም ይደርሳል፤ በሞተሩ ክንፍ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩ ይግላል፣ ይቆማል። ያኔ ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንሥቶ በእጅ ማላቀቅ ነው፤ ይህ ከጉማሬ በራቀ ቦታ መሆን አለበት፣ መቅዘፊያውም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የተጣለ መረብም እንዲሁ ይጠመጠማል፤ ኪሳራው ግን የዓሣ አጥማጁ ስለሆነ ተንሳፋፊ ምልክት ባለበት በኩል ማለፍ አይገባም።

ጀልባ የሚፈራ፣ ከሕፃን ጋር የመጣ ወይም አርፍዶ የተነሣ ሰው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በመኪና ወይም በባጃጅ ሊወጣ ይችላል። ከዚያ ቁልቁል ዓባይ ይታያል፤ ዕድል ከቀና ጉማሬም ከሩቅ በባይኖኩላር ይገኛል። ወደ ወንዙ ዳርቻ በእግር መውረድ ግን በማለዳም በማታም የተከለከለ ያህል ይቆጠር፤ ከግጦሽ የሚመለስ ጉማሬ መንገዱን የዘጋበትን ሰው አያልፍም። የሰዓት እላፊ ወይም የጉዞ ገደብ ያለበት ወቅት ከሆነ፣ ከንጋት በፊት ከቤት መውጣት መፈቀዱን በዋዜማው ከጀልባ ማኅበሩ ወይም ካረፉበት ሆቴል ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም።