ቤዝ 64 ምንድን ነው? ኢሜይሉኮ አልተቆለፈም

ሰሞኑን አንድ ልጅ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኢሜይል የሚያነብ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ጻፈ። ገላን አካባቢ ላለ የብረት በርና መስኮት ቤት ነው፤ ትዕዛዝ በኢሜይል ስለሚመጣላቸው ርዕሱን እያነበበ እንዲመዘግብላቸው። ርዕሱ ግን በአማርኛ መውጣቱ ቀርቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ድብልቅልቅ ሆኖ ወጣ። ምን እንደሆነ ሲጠይቅ አንድ ሰው ፈጥኖ መለሰለት፦ «ኢንክሪፕት ተደርጓል (ተመስጥሯል)፣ ቁልፉን ከላኪው ተቀበል።» ልጁም ቁልፍ ፍለጋ ሁለት ቀን ደንበኛውን ሲያስጨንቅ ቆየ።

ይቺን መልስ ስንት ጊዜ አየኋት! ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ልጁ ያየው ቤዝ 64 ነው፤ እሱ ደግሞ ኢንኮዲንግ (ያንኑ ጽሑፍ በሌላ ምልክት መጻፍ) ነው፣ ምስጠራ አይደለም።

እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስገባ ቁም ሳጥናችን በደረጃው አላልፍ አለ። አናጢ መጣ፣ ብሎኑን ፈታ፣ ጣውላው አንድ በአንድ ወደ ላይ ወጣ፣ ቤት ውስጥ ተመልሶ ተገጠመ። ደረጃው ላይ የተደረደረውን ጣውላ ያየ ሰው ቁም ሳጥን ነው ላይል ይችላል። ግን ማንም አልቆለፈውም። ካቻቢቴ ያለው ሁሉ ይገጥመዋል። ቤዝ 64 የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ጠባቡን መንገድ ለማለፍ መፍታት።

መንገዱ ለምን ጠበበ? የኢሜይል ደንብ በ1982 ሲጻፍ ታሳቢ ያደረገው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ጥቂት ምልክቶችን ብቻ ነበር። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። እንግሊዝኛ እንደ በርጩማ ነው፣ ሳይፈታ ያልፋል። አማርኛ ቁም ሳጥኑ ነው። ዩኒኮድን ኮምፒውተር ላይ ለማስቀመጥ በሚያገለግለው በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ ትንሽ መለኪያ) ይይዛል፤ ቤዝ 64 ደግሞ በየ3 ባይቱ 4 ምልክት ያወጣል። ስለዚህ «ሰላም» 12 ምልክት ይሆናል። ደስ የሚለኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ የእያንዳንዱ ፊደል ድርሻ የሚጀምረው በቁጥር 4 ሲሆን ትልቁ የእንግሊዝኛ ዋይ ይከተለዋል፣ ሁልጊዜ። ያንን ጥንድ ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም ካያችሁ አማርኛ ነው ብላችሁ መገመት ትችላላችሁ። (ባዶ ቦታ አንድ ባይት ብቻ ስለሆነች ከእሷ በኋላ አሰላለፉ ይዛባል።)

«ካልተነበበ ተመስጥሯል ማለት ነው» ብሎ የተከራከረኝም አለ። አይደለም። ምስጠራ ማለት ቁልፉ የሌለው ሰው መንገዱን ቢያውቅም መክፈት ሲያቅተው ነው። ቤዝ 64ን ለመመለስ መንገዱን ማወቅ ብቻ ይበቃል፤ መንገዱ ደግሞ ለዓለም ሁሉ የታወጀ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ቦታ ሥራ ስረከብ የደንበኞች የይለፍ ቃል በሙሉ በቤዝ 64 ተቀምጦ አግኝቻለሁ፤ ያስቀመጠው ሰው መስጥሬዋለሁ ብሎ ከልቡ ያምን ነበር።

ወደ ልጁ ልመለስ። ችግሩ ፓይተን ኢሜይሉን ሲከፍት ሳይነገረው የሚከተለው የድሮውን ፖሊሲ (የአነባበብ ደንብ) መሆኑ ነው፤ በእሱ ርዕሱ እንደ ጣውላው እንደተፈታ፣ ሳይገጠም ይመጣል። ኢሜይሉን የሚከፍተውን «ሜሴጅ ፍሮም ባይትስ» የሚለውን የፓይተን ትእዛዝ ስትጠሩ «ፖሊሲ ዲፎልት»ን ጨምሩበት፤ ርዕሱ በአማርኛ ይወጣል። እባካችሁ በራሳችሁ እየቆረጣችሁ አትመልሱት። አንድ የተፈታ ቁራጭ ከ75 ምልክት ማለፍ ስለማይፈቀድለት ቢበዛ 15 የአማርኛ ፊደል ነው የሚይዘው፤ ረዘም ያለ ርዕስ ሁለት ሦስት ቁራጭ ሆኖ ይመጣል፣ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ የሚሮጥ ኮድ ደግሞ ብዙ አይቻለሁ።

የመልእክቱ ገላ ላይ ሌላ ስህተት አለ። ገላውን የሚያወጣውን «ጌት ፔይሎድ»ን ዲኮድ አድርግ (ቤዝ 64ቱን መልስ) ብትሉት የሚመልሰው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ጣውላው ደርሷል፣ ገና አልተገጠመም። የትኛው የት እንደሚገጠም የሚናገረው ሄደሩ (ከመልእክቱ በላይ ያለው መግለጫ) ላይ ያለው ቻርሴት፣ ማለትም ባይቱ በየትኛው የፊደል አጻጻፍ እንደተጻፈ የሚናገረው ስም ነው፤ እሱን ሳያዩ በላቲን-1 (ለአውሮፓ ፊደላት በተሠራው) መግጠም በሩን ጀርባ ላይ እንደመምታት ነው። «ጌት ኮንተንት» ግን ቻርሴቱን ራሱ አይቶ ይገጥምላችኋል።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፦ ቤዝ 64 መጠኑን በሲሶ ያሳድጋል። 20 ሜጋባይት ፋይል አባሪ ስታደርጉ ከ26 ሜጋባይት በላይ ሆኖ ነው የሚጓዘው፤ የሞባይል ዳታ ለሚቆጥር ሰው ቀላል አይደለም።

በእርግጥ የተቆለፈ ኢሜይልም አለ። ፒጂፒ በሚባለው የምስጠራ ዘዴ የተቆለፈ ከሆነ ሄደሩ ላይ ያለው የኮንተንት ታይፕ (የይዘቱን ዓይነት የሚናገረው) መስመር ራሱ ብዙውን ጊዜ «መልቲፓርት ኢንክሪፕትድ» ይላል። ቁልፍ ከመጠየቃችሁ በፊት እሱን መስመር እዩት።