ወተት የቲነር ማርከሻ አይደለም

«ወተት እኮ በየቀኑ ይጠጣል!» ይሉኛል፣ እግሩ የዛለ ሶፋ ሠሪ ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ቀለም ረጪ ይዘው ሲመጡ። እዚህ ጎንደር ወተት መርዝ ይጠርጋል ብሎ የማያምን የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ገና አላጋጠመኝም። ለሠራተኛው ግማሽ ሊትር ገዝቶ መስኮቱን ይዘጋል፣ አቧራ ቀለሙን እንዳያበላሽበት።

የቲነርና የማስቲሽ ትነት በሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፣ ከደም ወደ አንጎልና ወደ ነርቭ ይሄዳል። ወተቱ የሚወርደው ጨጓራ ውስጥ ነው። በምን መንገድ ተገናኝተው ነው አንዱ ሌላውን የሚያረክሰው? ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጣ። ትነትን የሚቀንሰው ግን የተከፈተ መስኮትና በር ነው፤ ከተቻለም ደጅ መሥራት።

አዘዞ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ሶፋ ሠሪ በመጀመሪያ ጣቶቹ ደነዘዙ፣ ቀጥሎ እግሩ መሬት ለመሬት ይጎተት ጀመር። «ወተት እየጠጣሁ ነው» እያለ ወራት አሳለፈ። በአንዳንድ ማስቲሾች ውስጥ ያለው ሄክሴን ሰውነት ውስጥ ተቀይሮ ረጃጅሞቹን ነርቮች ይጎዳል፣ ስለዚህ ከእግር ጣት ይጀምራል። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የነጠላ ጫማ ሠሪዎችን እግር ያሰነፈው ይኸው ነው።

ልጁ ሥራውን ሲተው ደግሞ ባሰበት። ቤተሰቡ «ሰውነቱ ለምዶት ነበር፣ መተዉ ጎዳው» ብለው ሊመልሱት ተነሡ። ለምኜ አስቀረኋቸው። በሄክሴን የተጎዳ ነርቭ ንክኪው ከቆመ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እየባሰ ይሄዳል፤ ማገገሙ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ መሐል ወደ ሥራ መመለስ ጉዳት መደራረብ ነው። ልጁ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል።

ቲነር የዋጠን ልጅ ወተት ግቶ ማስመለስስ? በፍጹም። ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባና ሳንባውን ሊያቃጥል ይችላል። ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የጨርቅም ሆነ የኮሮና ጊዜ ማስክ ትነት አይከለክልም። የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው፣ ማጣሪያውም በጊዜው ይለወጣል።

ፒያሳ ስለሚያድሩት ልጆች ደግሞ «ብርድ ነው የሚያንቀጠቅጣቸው» ይባላል። የጎንደር ሌሊት ይበርዳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ማስቲሽ ለረጅም ጊዜ የሳበ ልጅ ጠራራ ፀሐይ ላይም ጽዋ ሲያነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩን አራርቆ ይራመዳል፣ ዓይኑ ይዋልላል፣ ንግግሩ ይጎተታል። በአንዳንድ ማስቲሾች ውስጥ ያለው ቶሉዊን የተባለ ኬሚካል የነርቭ ክሮችን ሽፋን፣ እንዲሁም የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀውን ንዑስ አንጎል ሲጎዳ የሚታየው ይህ ነው። በጊዜ ከተወ የተወሰነው ሊመለስለት ይችላል፣ ከቆየ ግን ጠባሳው ይቀራል። ጸበል የሚያስጠምቁትን አልቃወምም፤ ማስቲሹን ያስጥሉት፣ ሐኪምም ይየው።

«አባርሩት፣ ደንግጦ ይተዋል» የሚሉ የጥበቃ ሠራተኞችንም አጥብቄ እለምናለሁ። ትነቱ ልብን ለድንጋጤ ሆርሞን እጅግ ስሱ ያደርገዋል፤ እየሳበ ያለ ልጅ ደንግጦ ሲሮጥ ልቡ በድንገት ሊቆም ይችላል። ቀስ ብላችሁ ቅረቡት፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውሰዱት። ሰውነቱ ድንገት ከዛለና መነሣት ካቃተው «ሰክሮ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ቶሉዊን የደሙን ፖታሲየም አውርዶት ሊሆን ይችላል፣ ይህ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚታከም ነው።

ወደ ሐኪም ስትመጡ የማስቲሹን ወይም የቲነሩን ጣሳ ስም በስልካችሁ አንሥታችሁ ኑ። «ምን ትሠራለህ?» ካልተባላችሁም ራሳችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።