ዘጌ፦ ቡናው፣ ቤተሰቡና የግድግዳው ሥዕል

ዘጌ በጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ያለ፣ በደን የተሸፈነ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። እዚህ በሬ ጠምዶ ማረስ ክልክል ነው። በአካባቢው ትውፊት ክልከላው የመጣው ከአቡነ በትረ ማርያም ነው። ጻድቁ መቋሚያቸውን ለሦስት ከፍለው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይባላል። ሕዝቡም ሳያርስ በእነዚህ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተሰጠው።

የቤተሰቡ ኑሮ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነው። ጤፍ ስለማይዘራ እህሉ ሁሉ ሸመታ ነው። ቡናና ጌሾ ካልተሸጠ ሌማት ባዶ ነው። ከወላጅ ለልጅ የሚተላለፈውም የቡና መሬት ነው። ቡና ጥላ ስለሚፈልግ ትልልቆቹ ዛፎች አልተመነጠሩም። በዙሪያው ያለው አገር ሲራቆት ዘጌ ደን ለብሶ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው ብል አላጋነንኩም።

ከቡናው የተረፈው ገንዘብ ለተዝካር፣ ለማኅበርና ለቤተ ክርስቲያን ይወጣል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ሕንፃዎቹ ክብ ናቸው። ቅኔ ማኅሌቱና ቅድስቱ አራት ማዕዘኑን መቅደስ ይከብቡታል። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ አብዛኛው በጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቻቸው ጋር፣ በላዔ ሰብእም ለተጠማው ውኃ ሲሰጥ ይታያሉ። በእንዲህ ዓይነት ሥዕሎች ግርጌ ያሠራው ሰው ራሱ ተደፍቶ ሲማጸን ይሣላል፤ ስሙም ይጻፋል። የከፈለው ብር ለነፍሱ የቀረበ ልመና ሆኗል። እኔ ከሁሉ በላይ ቆሜ የማየው ይህንን ጥግ ነው።

የዚህ ሀብት ታሪክ ግን ሁሉም የሚያኮራ አይደለም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዘጌ ባለ ቡናዎች ባሪያ ያሠሩ ነበር። ቡናውን ያረሙት፣ የለቀሙትና የተሸከሙት ብዙዎቹ ከሌላ አገር ተሸጠው የመጡ ሰዎች ናቸው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለ ሥዕሎቹ ውበት ሲወራ የእነዚህ ሰዎች ድካም አብሮ መነሳት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ ከጀልባ ማቆሚያው ወደ ኡራ በሚወስደው መንገድ ዳር በብራና የተሣሉ ቅዱሳንና ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች ይሸጣሉ። ገዢው በአብዛኛው ቱሪስት ነው። ቱሪስት ሲጠፋ ይህ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ቤተሰቡም ፊቱን ወደ ቡናው ይመልሳል።