ብሬስ በታሰረበት ጊዜ የጥርስና የአፍ ንጽሕና አጠባበቅ

ብሬስ የተዛነፉ፣ የተደራረቡ ወይም የተራራቁ ጥርሶችን በለዘብተኛና በማያቋርጥ ግፊት ቀስ በቀስ ወደ ተገቢ ቦታቸው የሚያንቀሳቅስ የሕክምና መሣሪያ ነው። በጣም የተለመደው ዓይነት በእያንዳንዱ ጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ብራኬት የሚባል ትንሽ የብረት ወይም የሴራሚክ ቁራጭ፣ በብራኬቶቹ ውስጥ የሚያልፍ ሽቦ፣ ሽቦውን ከብራኬቱ ጋር የሚያስሩ ጥቃቅን ላስቲኮች፣ አንዳንዴም በኋለኞቹ የመንጋጋ ጥርሶች ላይ የሚጠለቅ የብረት ቀለበት አለው። ሕክምናው በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት የሚፈጅ ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ መሣሪያው ከአፍ አይወጣም። ሐኪሙ ሽቦውን የሚያስተካክለው በየጥቂት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ነው፤ በመካከል ያሉት ቀናት ሁሉ የታካሚው ናቸው። ስለዚህ የሕክምናው ግማሽ ሥራ በቤት ውስጥ የሚከናወነው ጽዳት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀደም ባለው ዘመን እያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያውን በብረት ቀለበት ይታሰር ስለነበር ጥርሶችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ቦታ ማጽዳት እጅግ አስቸጋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 የጥርስ ሐኪምና ተመራማሪ የነበረው ማይክል ቡኦኖኮር የጥርስን ውጫዊ ሽፋን፣ ማለትም ኢናሜልን፣ በፎስፈሪክ አሲድ በጥቂቱ ማሻከር በላዩ የሚቀባው ማጣበቂያ አጥብቆ እንዲይዝ እንደሚያደርግ አሳየ። በዚህ መሠረት ላይ ብራኬትን በቀጥታ በጥርስ ፊት ላይ መለጠፍ እየተለመደ ሲመጣ በጥርሶች መካከል ያለው ቦታ ነጻ ወጣ። ይሁን እንጂ የማጣበቂያው ጠርዝ፣ የብራኬቱ ክንፎችና የሽቦው ሥር ለምግብ ርዝራዥና ለባክቴሪያ አዲስ መደበቂያ ሆነዋል።

ብሬስ በራሱ ጥርስ አያበሰብስም። ጉዳቱን የሚያመጣው በጥርስ ላይ በየዕለቱ የሚጋገረው ፕላክ የተባለው የሚያጣብቅ የባክቴሪያ ሽፋን ነው። በፕላክ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳርንና ሌሎች ጣፋጭ ነገሮችን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ በደቂቃዎች ውስጥ የጥርሱ ገጽ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲድነቱ ይጨምራል) 5.5 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ከኢናሜሉ ካልሲየምና ፎስፌት መሟሟት ይጀምራሉ። ምራቅ አሲዱን አለስልሶ ማዕድኑን ለመመለስ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ሰዓት ያስፈልገዋል። በብሬስ ዙሪያ ግን ምራቅ እንደ ልብ አይዘዋወርም፤ ምላስና ጉንጭም ጥርሱን እንደ ወትሮው ጠርገው አያጸዱትም።

የዚህ ሂደት የመጀመሪያ ምልክት በብራኬቱ ዙሪያ፣ በተለይም በብራኬቱና በድድ መካከል ባለው ጠባብ መስመር ላይ የሚታይ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጥብ ነው። ጽዳቱ ከተጓደለ ነጥቡ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሊፈጠር ይችላል፤ ሕመም ስለሌለው ብዙዎች የሚያዩት ብሬሱ ሲፈታ ነው። ያን ጊዜ ብራኬቱ የነበረበት ቦታ የተፈጥሮ ቀለሙን እንደያዘ፣ ዙሪያው ግን ነጥቶ ይገኛል። ጥርሱ ተስተካክሎ መልኩ መበላሸቱ ለዓመታት የታገሠን ሰው በእጅጉ የሚያሳዝን ነገር ነው። አንዳንዱ ነጥብ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፤ አንዳንዱ ግን እስከ መጨረሻው ይቀራል፤ ቸል ከተባለም ወደ ተቦረቦረ ጥርስ ይለወጣል። ድድም በበኩሉ ፕላክ ሲከማችበት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲቦረሽ ይደማል። መድማቱን ፈርተው ያንን ቦታ መቦረሽ የሚተዉ ታካሚዎች ብዙ ናቸው፤ መድኃኒቱ ግን ያንኑ ቦታ በለስላሳ ብሩሽ ይበልጥ በጥንቃቄ ማጽዳት ነው።

ብሬስ ያሰረ ሰው ቢያንስ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቢቻል ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ መቦረሽ አለበት። ያለ ብሬስ የሚመከረው ሁለት ደቂቃ እዚህ ላይ ብዙውን ጊዜ አይበቃም። ለስላሳና ትንሽ ጭንቅላት ያለው ብሩሽ በመጀመሪያ በ45 ዲግሪ ገደማ አዘንብሎ በድዱ ጠርዝ ላይ ይያዝና በትንንሽ እንቅስቃሴ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጥሎ ከላይ ወደ ታች ዞሮ የብራኬቱን የላይኛውን ጠርዝ፣ ከዚያም ከታች ወደ ላይ ዞሮ የታችኛውን ጠርዝ እንዲነካ ይደረጋል። የሚያኝከው ገጽና በምላስ በኩል ያለው ገጽ ብሬስ ስለሌለባቸው ብቻ መዘለል የለባቸውም። የኤሌክትሪክ ብሩሽ የሚመርጥም ይችላል፤ ዋናው ነገር ብሩሹ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ቆም ማለቱ ነው።

ብሩሽ ከሽቦው ሥር በቂ ሆኖ አይገባም። ለዚህ የተሠራው ጠርሙስ ማጠቢያን የሚመስለው ትንሹ የጥርስ መሃል ብሩሽ ነው፤ በሽቦውና በጥርሱ መካከል ገብቶ የብራኬቱን ሁለት ጎኖች ያጸዳል። የጥርስ ክር መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ክሩን በየጥርሱ በሽቦው ሥር ለማሳለፍ መርፌ መሰል ማስገቢያ ስለሚያስፈልግና ጊዜ ስለሚወስድ ብዙዎች ከሳምንታት በኋላ ይተዉታል። ስለዚህ በየምሽቱ የማይቋረጥ የትንሹ ብሩሽ አጠቃቀም፣ አልፎ አልፎ ብቻ ከሚነሳ ክር የተሻለ ጥቅም አለው። ውኃ በግፊት የሚረጭ መሣሪያ የምግብ ርዝራዥን ያስወጣል፤ ብሩሽን ግን አይተካም። ጽዳቱ መድረሱን ለማረጋገጥ ፕላክን በቀለም የሚያሳይ እንክብል አኝኮ በመስታወት መመልከት፣ በተለይ ለታዳጊዎች፣ ከማንኛውም ተግሣጽ በላይ ያስተምራል።

የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ የተባለው ኢናሜልን የሚያጠነክር ማዕድን ያለው መሆን አለበት። ለአዋቂዎችና ለታዳጊዎች በብዙ አገሮች የተለመደው መጠን ከ1,350 እስከ 1,500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) ነው። ከተቦረሸ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ አፍን በብዙ ውኃ ማለቅለቅ አይመከርም፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳልና። 0.05 በመቶ ሶዲየም ፍሎራይድ ያለው መጉመጥመጫ በየዕለቱ መጠቀም ነጭ ነጥብን ለመከላከል ይረዳል፤ ከመቦረሽ በተለየ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሊውጡት ስለሚችሉ ያለ ሐኪም ምክር ሊሰጣቸው አይገባም።

በአመጋገብ ረገድ ሁለት የተለያዩ አደጋዎች አሉ። አንደኛው መሣሪያውን የሚሰብረው ነው፦ በረዶ፣ ጠንካራ ከረሜላ፣ ያልተቆረጠ ካሮት፣ እንዲሁም እንደ ካራሜላ የሚጣበቅ ነገር ብራኬትን ያላቅቃሉ፣ ሽቦን ያጣምማሉ። ፖምና መሰል ፍራፍሬ ግን ተቆራርጦ ከቀረበ የሚከለከል አይደለም። እስክሪብቶና ጥፍር መንከስም ያው ጉዳት አለው። ሁለተኛው አደጋ ምንም የማይሰብረው፣ ነገር ግን ጥርሱን የሚያሟሟው ጣፋጭና ጋዝ ያለው መጠጥ ነው። እዚህ ላይ ከመጠኑ ይልቅ ድግግሞሹ ይጎዳል፤ አንድን ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መጎንጨት ምራቅ ሥራውን እንዲጨርስ ዕድል አይሰጠውም። አሲድ ያለው ነገር ከተጠጣ በኋላ ወዲያው ከመቦረሽ በውኃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ይሻላል።

ብሬስ እንደታሰረ ወይም ሐኪሙ ሽቦውን እንዳስተካከለ የሚሰማው ሕመም በአንድ ቀን ገደማ በርትቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል፤ ለስላሳ ምግብና እንደ ፓራሲታሞል ያለ ማስታገሻ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጉንጭንና ከንፈርን የሚፍቀው ብራኬት ቦታው ደርቆ በብሬስ ሰም ይሸፈናል። ለቆሰለው ቦታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ መጉመጥመጥ እፎይታ ይሰጣል። የሾለ የሽቦ ጫፍ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብሎ ወደ ጥርሱ ሊገፋ ይችላል። የተላቀቀ ብራኬት ሕመም ባይኖረውም ጥርሱ መንቀሳቀሱን ስለሚያቆም ቀጠሮ ሳይጠበቅ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ቁራጩ ወደ አየር ቧንቧ ገብቶ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካመጣ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ግጭት ባለበት ስፖርት ለብሬስ የተዘጋጀ የአፍ መከላከያ መልበስ ጥርስንም ከንፈርንም ያድናል።

ወደ ኦርቶዶንቲስት፣ ማለትም ብሬሱን ወደሚከታተለው የጥርስ ማስተካከያ ሐኪም፣ መመላለስ የመደበኛውን የጥርስ ሐኪም ምርመራ አይተካም፤ የመቦርቦር ምርመራና የደነደነ ፕላክ ማስወገድ በሕክምናው ዘመንም ይቀጥላሉ። ብሬሱ ከተፈታ በኋላም ጥርሶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳይመለሱ ሪቴይነር የተባለ መያዣ ይደረጋል። የሚወልቀው ዓይነት በሙቅ ውኃ ከታጠበ ቅርጹን ስለሚያጣ በለብታ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ ሲወልቅም በራሱ ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። በታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ የሚለጠፈው ቋሚ ሽቦ ደግሞ ምራቅ ከምላስ ሥር በሚፈልቅበት አጠገብ ስለሆነ ፕላኩ ቶሎ ይደነድናል፤ በዚያ ቦታ የክር ማስገቢያውና ትንሹ ብሩሽ ሽቦው እስካለ ድረስ ሥራ አይፈቱም።