ማራኒቶ፦ ስለ ሜክሲኮዎቹ የአሳማ ቅርጽ ኩኪስ በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ማራኒቶ (ፑዌርኪቶም ይባላል) በሜክሲኮም ሆነ በቴክሳስና በካሊፎርኒያ የሜክሲኮ ዳቦ ቤቶች የሚሸጥ ቡናማ ኩኪስ ነው።

«አሳማ የሆነው ቅርጹ ብቻ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። በባህላዊው አሠራር ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ ይገባበታል፤ ዛሬም የሚጠቀሙ ዳቦ ቤቶች ስላሉ፣ አሳማ የማትበሉ ጠይቃችሁ ግዙ። ቤት ውስጥ ከታች ላለው ሊጥ በስቡ ፋንታ 115 ግራም የገበታ ቅቤ ይበቃል። ንጥር ቅቤ ግን አይሞከር፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ቀረፋውን ይውጠዋል።

«የዝንጅብል ኩኪስ ነው»

ብዙዎቹ አሠራሮች ዝንጅብል የላቸውም። ጣዕሙ የቀረፋና ፒሎንሲዮ የሚባለው ያልተጣራ ስኳር ነው።

«ሞላሰስ ፒሎንሲዮን በልኩ ይተካል»

ብዙ ሊጥ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፒሎንሲዮ የሸንኮራ ጭማቂ ፈልቶ የረጋ፣ ያልተጣራ ደረቅ ስኳር ነው። ሞላሰስ ደግሞ ስኳሩ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ጥቁር ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፤ ብቻውን በዚያው መጠን ከገባ ሊጡ ይመርራል፣ እጅ ላይም ይጣበቃል። 225 ግራም ፒሎንሲዮ በ120 ሚሊ ሊትር ውሃ ከአንድ እንጨት ቀረፋ ጋር በዝግታ አሟሙና 5 ደቂቃ አንተክትኩ። ከጠፋ 200 ግራም ጥቁር ቡናማ ስኳርና 2 የሾርባ ማንኪያ ሞላሰስ በዚያው ውሃ ይሟሟል፤ ብላክስትራፕ የሚባለው ሞላሰስ ግን በጣም መራራ ነው። ሽሮፑ ለብ እስኪል ጠብቁ፤ ትኩሱ እንቁላሉን ያበስላል፣ ቅቤውን ያቀልጣል። ከዚያ ለስላሳ ቅቤና 1 እንቁላል ምቱበት፤ በመጨረሻ 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ።

«ቤኪንግ ፓውደርም ያው ነው»

አይደለም። ሶዳው ከሽሮፑ ኮምጣጣነት ጋር ሠርቶ ሊጡን ያነሳል፣ መልኩንም ያጠቁረዋል። ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል።

«ሊጡ ከተጣበቀ ዱቄት መጨመር ነው»

የሚያጣብቀው ስኳሩና የሞቀው ቅቤ ስለሆነ መድኃኒቱ ፍሪጅ ነው፤ ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ቢያድር ይመረጣል። የተጨመረ ዱቄት ያደርቀዋል።

«ቀጭንና ቀርጣፋ መሆን አለበት»

ማራኒቶ ወደ ዳቦ የሚያደላ ለስላሳ ነገር ነው። 1 ሴንቲ ሜትር ያህል አወፍራችሁ ዳምጡት፣ በቅርጽ ማውጫ ቁረጡት፣ በተመታ እንቁላል ቀቡት፤ ያን የሚያብረቀርቅ ጀርባ የሚሰጠው እሱ ነው። በ180 ዲግሪ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃል። ሊጡ ከመነሻው ጥቁር ስለሆነ መልኩን አይታችሁ አትፍረዱ፤ መሃሉን በጣት ስትጫኑት ከተመለሰ አውጡት። ምድጃ ውስጥ እስኪጠነክር ከተጠበቀ በማግስቱ አይነከስም።