ንጉሦቹ ከመድረክ ወደ ፊልም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሼክስፒር ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚሉን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ያመጣቸው ኦቴሎ፣ ሐምሌትና ማክቤዝ ናቸው። ስለ እንግሊዝ ነገሥታት የጻፋቸውን የታሪክ ተውኔቶች ግን ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በፊልም ነው። ስለነዚህ ፊልሞች ከሚወራው ብዙው ልክ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«ተውኔቱ ካለ፣ የሚቀረው ካሜራ መገተር ብቻ ነው»

በ1899 ለንደን ውስጥ ልክ እንደዚያ ተሞክሯል። የመድረክ ተዋናዩ ኸርበርት ቢርቦም ትሪ የንጉሥ ጆንን ሞት ሲተውን ተቀረጸ። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ካሜራውም ንቅንቅ አይልም። ንጉሡ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይወራጫል። አዳራሹ መጨረሻ ላይ ለተቀመጠ ተመልካች የተለካ ትወና ስለሆነ ዛሬ ሲያዩት ሳቅ ሳቅ ይላል።

«አንድ መስመር ከተቆረጠ ሼክስፒር አበቃለት»

ይህን የሚሉ ሰዎች የሎረንስ ኦሊቪየርን «ሄንሪ አምስተኛ» (1944) ሲያደንቁ ይገርመኛል። ኦሊቪየር እኮ የተውኔቱን ግማሽ ገደማ ጥሎታል! መቁረጡ ችግር የለውም። መታየት ያለበት ምን እንደቆረጠ ነው። እንግሊዝ ጦርነት ላይ ነበረች፣ ሕዝቡም ነውር የሌለበት ጀግና ይፈልጋል። ስለዚህ ንጉሡ የከዱትን መኳንንት ለሞት ሲሰጥ አናይም። «ካልተገዛችሁ ሕፃኖቻችሁ በጦር ይሰካሉ» እያለ የፈረንሳይዋን ከተማ የሃርፍለርን ሰዎች የሚያስፈራራበት ንግግርም የለም።

ኬኔት ብራና በ1989 ጭቃውንና ደሙን መለሰው። ባርዶልፍ የሚባለው የንጉሡ የድሮ የመጠጥ ጓደኛ ቤተ ክርስቲያን ዘርፎ ይሰቀላል። ተውኔቱ ውስጥ ይህ በወሬ ብቻ ነው የሚነገረው። ብራና ግን ገመዱን ያሳየናል፤ ከዚያ ካሜራው ንጉሡ ፊት ላይ ይቆያል። ሄንሪ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ዝም ይላል። መድረክ ላይ ከሩቅ ለተቀመጠ ሰው ይህ እንባ አይታይም። ይሁን እንጂ ንጉሡ «እስረኞቹን ግደሉ» ብሎ የሚያዝበት ቦታ ብራናም ጋ የለም። እሱም የራሱን ጀግና ይጠብቃል ማለት ነው።

«የጦር ሜዳ ትዕይንት ያለ ብዙ ሠራዊትና ያለ ብዙ ብር አይሆንም»

የፊልም ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ ኪሱ ባዶ ነበር። ፋልስታፍ ስለሚባለው የሼክስፒር ሰካራም ባላባት በሠራውና በ1965 በወጣው ፊልሙ የሽሩስበሪን ጦርነት የቀረጸው ማድሪድ ውስጥ፣ ሁለት መቶ በማይሞሉ ሰዎች ነው። ተአምሩን የሠራው ኤዲቲንጉ ነው። መጀመሪያ ፈረሰኞቹ በኩራት ይጋልባሉ። ከዚያ ምስሎቹ እያጠሩ እያጠሩ ይሄዳሉ። በመጨረሻ ጭቃ ውስጥ የሚንደባለለው የማን ወገን እንደሆነ አይለይም። በዚህ መሃል ቦርጫሙ ፋልስታፍ የብረት ልብሱን እንደለበሰ ከውጊያው ለመሸሽ ከወዲያ ወዲህ ይሮጣል።

«ልብሱ የዘመኑ ካልሆነ ነገሩ ተበላሸ»

አልተበላሸም። በ1995ቱ «ሪቻርድ ሦስተኛ» ተዋናዩ ኢያን መኬለን ንጉሡን የ1930ዎቹ ፋሺስት አድርጎ ይጫወተዋል። የመክፈቻ ንግግሩን ግብዣ ላይ በማይክሮፎን ይጀምርና ሽንት ቤት መስታወት ፊት ይጨርሰዋል። «ፈረስ! መንግሥቴን በፈረስ!» የሚለው ደግሞ መኪናው ተይዞ አልንቀሳቀስ ሲለው ነው።

«ከፊልሙ ታሪክ ተማርኩ»

ይቺን ተዉአት። የሼክስፒር ሪቻርድ ጎባጣና አንድ እጁ የሰለለ ነው። አፅሙ በ2012 ሌስተር ከተማ መኪና ማቆሚያ ሥር ሲገኝ አከርካሪው ወደ ጎን የተጣመመ ነበር፤ እጁ ግን ጤነኛ ነው። ተውኔቱ የተጻፈው በንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ነው። የእሷ አያት ሄንሪ ሰባተኛ ደግሞ ሪቻርድን በ1485 ድል አድርጎ ዙፋኑን የወሰደው ሰው ነው። ስለዚህ ሪቻርድ ተውኔቱ ላይ ክፉ ሆኖ ቢሳል አይገርምም።